የኮርኒሱ እሺታ

ወረታ ላይ መብራት ሲሄድ ሀይለየሱስን የሚፈልገው የለም። ሰው ሻማውን ይለኩሳል፣ የሚራገመውን ይራገማል፣ ይተኛል። ጉዱ ያለው መብራት ሲመጣ ነው። ያኔ የሀይለየሱስ ስልክ ፋታ ያጣል። የአንዱ ቴሌቪዥን ጭሷል፣ የሌላው ዲኮደር ዓይኑን ጨፍኖ አልገልጥም ብሏል፣ የምግብ ቤቱ ስፒከር ደግሞ ሆዱ እንደተነፋ በሬ ያጓራል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፎገራን ከብት መርፌ ስወጋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ይርጋለም እባላለሁ። ስለ ሽቦ አላውቅም፣ እንዳውቅም አልፈልግም። ሀይለየሱስን ግን አውቀዋለሁ፤ የመጠገኛ ሱቁ የእኔው ቤት የፊት ክፍል ነው። ተወልዶ ያደገው አንበሳሜ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ነውና ያሳደገው አጎቱ አቶ ደሞዝ ነው። ዝምተኛ ነው፣ እጁ አያርፍም፣ ስታናግረው እንኳ የሆነ ነገር ይፈታል። አንድ ቀን ስናወራ ቆይተን ቀና ስል የገዛ ሬዲዮኔ ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ አገኘሁት፤ ደህና ሬዲዮ ነበር።

ከተማውን ያስገረመው ግን ቀማሹ ነው። መቼም በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ጠላ ቀድቶ ዝም ብሎ የሚሰጥ የለም። አሳላፊው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ከዚያ ለእንግዳው ያቀርባል። ሀይለየሱስ ይህን ወግ ወስዶ ለቴሌቪዥን አደረገው። አንድ ጣውላ ላይ ክሩ የሚታይ የድሮ አምፖል ይገጥምና ከጎኑ ማብሪያ ማጥፊያ ያደርጋል። ቴሌቪዥኑም ስፒከሩም ከማብሪያው ወዲያ ናቸው። መብራት ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው አምፖሉ ጋ ነው። አምፖሉ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ ኃይሉ በዝቷል፤ ቀልቶ ካንቀላፋ አንሷል፤ ቅቤ የመሰለ ብርሃን ይዞ ረጋ ካለ ማብሪያውን ትጫናለህ። አንዳንዴ ቀማሹ ጧ ብሎ ይሞታል። ሀይለየሱስም ስብርባሪውን እየጠረገ «ለጌታው ሞተ» ይልና ሌላ ይተካል።

ቀማሹ ረጋ ቢልም እንኳ ወዲያው አያስከፍትም። «ኸሩቅ መንገድ የመጣን ሰው በር ላይ ሥራ ታዙታላችሁ? ይረፍ እንጂ!» ይላል። ሲከፈትም በተራ ነው። መጀመሪያ ዋይፋዩ፣ ምክንያቱም እሱ ቄሱ ነው፣ ሳይባርክ ማንም አይቀርብም። ትልቁ ስፒከር መጨረሻ ነው፤ ሆዳም እንግዳ ቀድሞ ከተቀመጠ ለሌላው አይተርፍም። ሰዉ ይህን ሁሉ አመነ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ገላነሽ ቀማሹ በጾም ቀን ይቀምሳል ወይስ አይቀምስም ብላ መጥታ ጠይቃዋለች። ሀይለየሱስ ትንሽ አሰበና ይቀምሳል አላት።

አሁን ወደ አቶ ባየህ ልምጣ። አቶ ባየህ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አለው። ከላይኛው ሰፈር ፎቅ ሠራና ቤትን ታዛዥ የሚያደርግ የተባለ ሣጥን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ አስገጠመ። የግቢው በር፣ መጋረጃው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የውኃ ፓምፑ ሁሉ በአፍ ይታዘዛሉ። ሣጥኑ ሳሎን ካለው ሶፋ ሥር ነው፤ ስፒከሮቹ ኮርኒሱ ውስጥ ተቀብረዋል። ሣጥኑ መጀመሪያ ላይ የሚመልሰው በአንዲት ፈረንጅ ሴት ድምፅ ነበር። አቶ ባየህ በቤቴ ሌላ ሴት አትናገርም ብሎ ተቆጣ፤ ሚስቱ ወይዘሮ ታንጉት በዚህ ነገር ከባሏ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማማች። ስለዚህ ሀይለየሱስ የአቶ ባየህን የራሱን ድምፅ ቀዳና አስገባበት። ከዚያ በኋላ አቶ ባየህ «መጋረጃ!» ሲል ኮርኒሱ በአቶ ባየህ ድምፅ «እሺ፣ ይሁን» ይለው ጀመር። ሰውዬው በሕይወቱ እንደዚያ በትሕትና ተናግሮ አያውቅም፤ የራሱን ድምፅ እየሰማ ደስ ይለው ነበር።

አንድ ችግር ነበረበት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሣጥኑ የተነገረውን ሁሉ ይረሳል። የድምፁን ልክም ይረሳል። ከእንቅልፉ ሲነቃ «መጥቻለሁ» ለማለት ያህል ቤቱን በሚያናውጥ ጩኸት አንድ ጊዜ «እሺ፣ ይሁን!» ይላል፤ ከዚያ ያገኘውን ሁሉ ይከፍታል። ይህን የሚያውቁት ቤተሰቡና ሀይለየሱስ ብቻ ነበሩ። እኔ በዚያ ጊዜ የሰውዬውን ደጅ ረግጬ አላውቅም። ለሣጥኑ የምትሆን ባትሪ ሀይለየሱስ አስገብቶለት ነበር፤ መብራት ሲሄድ ሣጥኑን ደግፋ እንድታቆይ። ባትሪዋ ግን ሁልጊዜ ተነቅላ ትገኛለች። ማን ይነቅላታል? የአቶ ባየህ ልጅ ልዕልት ናት።

ልዕልት ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ስትስቅ አፏን የማትሸፍን ልጅ ናት። ሀይለየሱስ ሶፋ ሥር ተኝቶ ሽቦ ሲቀጥል የእጅ ባትሪ የምታበራለት እሷ ነበረች። ሁለቱም እዚያ ሶፋ ሥር ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። ብቻ ትንሽ ቆይቶ መላው ወረታ መብራት እያለው የአቶ ባየህ ቤት ብቻውን ይጨልም ጀመር። ቆጣሪው ጋ ሄዳ የምታጠፋው እሷ ናት፤ ከዚያ አባቷ «ያን ባለሽቦ ጥሩልኝ!» ይላል። አቶ ባየህ ግን ጠላት አለብኝ አለና መሪጌታ ገብረማርያምን ጸበል እንዲረጩለት ጠራቸው። መሪጌታ ቆጣሪው ድረስ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ሀይለየሱስ ሮጦ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ «የኔታ፣ ውኃና ቆጣሪ አይገናኙም! ኸሩቅ ይርጩ!» አላቸው። ከሩቅ ተረጨ፤ ጸበሉ ያረፈው ግን ልዕልት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰሞን መብራቱ አልጠፋም፤ አቶ ባየህም ጸበሉ ሠራ አለ።

ሀይለየሱስ ሽማግሌ ሊልክ የወሰነው በዚያው ሰሞን ነው። እኔን ለመነኝ፣ መሪጌታን ለመነ፣ አጎቱን አቶ ደሞዝን ከአንበሳሜ አስመጣ። ሲለምነኝ እጁ ዝም ብሎ ነበር፤ ምንም አይፈታም። «ጋሽ ይርጋለም፣ እሷን ካጣሁ ይህን ከተማ ለቅቄ እሄዳለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። መብራት የለም። አቶ ባየህ ሳሎኑ ውስጥ ተቀበለን፤ ሶፋው የሚያሰጥም ነው። «ኧረ ተቀመጡ!» አለ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። ወጉ ነው። መሪጌታ ግን ጉልበታቸውን ወንዛዬ ፍልውኃ ሲያጥቡ የከረሙ ሰው ናቸው፣ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ሲንቀጠቀጡ ሳይ አዘንሁ። የመጣንበትን ተናገርን። አቶ ባየህ ፂሙን አሻሸ።

«ልጁን ጠልቼው አይዶለም» አለ። «እንዲያውም በዚህ ከተማ እንደሱ የምፈልገው ሰው የለም። ክፋቱ እሱ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ አማቼ ካረግሁት በኋላ በምን አፌ ነው ‹ና ሶፋ ሥር ግባ› የምለው? አማች አንቱ ይባላል! አማች ይከበራል! ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሽ የሚያዞር አማች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታንጉትስ የአማቿን ተረከዝ ልታይ ነው?»

«ሌላ ባለሙያ ይጠሩ እንጂ» አልሁት፤ ንዴቴ እየመጣ ነበር።

«ማንን? ኸባሕር ዳር ያስመጣሁት ሰው በሩን በኔው ላይ ቆልፎ ሄደ! በወጥ ቤት መስኮት ነው የወጣሁ! አይ፣ አይሆንም። አማች ሞልቷል፤ ባለሽቦ ግን ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ከብት ስወጋ ብዙ ግትር እንስሳ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠመኝም። ሦስታችንም ቆባችንን አወለቅን፣ አንገታችንን ደፋን፣ ወደ መሬት እያየን የመጨረሻውን ልመና ጀመርን። መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስለ መድኃኔዓለም ብለው፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን እንለምናለን!» አሉ።

ወጥ ቤት ያለው ፍሪጅ አጉረመረመ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ይሁን!»

የአቶ ባየህ ድምፅ ነው። ደረቴ ውስጥ ሲያስተጋባ ተሰማኝ። አንገታችንን ደፍተን ስለነበር አፉን አላየንም፤ ይህን ለማንም እምላለሁ። መሪጌታ ያን ጉልበት ይዘው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። አቶ ደሞዝ የአቶ ባየህን ጉልበት ሳመ። ወይዘሮ ታንጉት የሣጥኑን ድምፅ ማንም ሳይነግራት የምታውቅ ሴት ናት፤ ዛሬ ድረስ ተሳሳትሁ ትላለች። ብቻ ከወጥ ቤት እልልታዋን አቀለጠችው። መጋረጃው በራሱ ተከፈተ፣ የግቢው በር ወለል አለ፣ እልልታውን የሰማ ጎረቤት በተከፈተው በር እየተግተለተለ ገባ። ወይዘሮ ገላነሽ እየጨፈረች ነበር የገባችው፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀችው በኋላ ነው።

አቶ ባየህ መሀል ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። «እኔ አልተናገርሁም! ኧረ ስሙኝ፣ እኔ አይዶለሁም! ቤቱ ነው!»

«እሰየው!» አሉ መሪጌታ ከሶፋው ሳይነሡ። «እኛስ የመጣነው የአቶ ባየህን ቤት ልንለምን አይዶል? ቤቱ እሺ ካለ ምን ቀረ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። በማግስቱ ከተማው ሀይለየሱስን በሽቦ ሚስት ያገባ ሲል ዋለ። አቶ ባየህ ደግሞ በቀጥታ ሱቁ መጣ፤ እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። «አንተ ባለሽቦ! ና፣ ቤቴን እንቢ አስብልልኝ!»

ሀይለየሱስ ዕቃውን ይዞ ተነሣ። በሩ ላይ ያዝሁት። «አንተ ልጅ አብደሃል? ቃሉ ወጥቷል፣ ሰው ሰምቷል፣ መሪጌታ ተቀምጠዋል! የተቀመጠ ሽማግሌ አይነሣም!»

«ጋሽ ይርጋለም፣ ኮርኒስ የሰጠኝን ሚስት ኮርኒስ ቢነሣኝስ? አባቷ በአፉ ይስጠኝ፤ አለዚያ ይቅርብኝ» አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሄዶ ድምፁን ከሣጥኑ ውስጥ አጠፋው፤ እንቢ ግን አላስባለውም፣ ዲዳ አደረገው። ቀማሽም ገጠመለት፤ ከእንግዲህ ማብሪያው ካልተጫኑት አይነቃም። ልዕልት አጠገቡ ቆማ ታየው ነበር አሉ። ከዚያ አባቷ ፊት ሄዳ፣ «አባባ፣ ጠላት አለብኝ የምትለው እኮ እኔ ነኝ። ቆጣሪውን የማጠፋው፣ ባትሪውንም የምነቅለው እኔ ነኝ። ጸበሉም እኔው ላይ ነው ያረፈ» አለችው። አቶ ባየህ ለብዙ ቀን ከእሷም ከቤቱም ጋር አልተነጋገረም። መጋረጃውን በእጁ ይስብ ነበር።

ሁለተኛ ሄድን። መሪጌታ አንዴ የተቀመጥሁበትን ዳግመኛ አልቆምም ብለው አስቸግረውን ነበር፤ ለምነን ወሰድናቸው። ቆምን። መብራት የለም። ያንኑ ቃል ተናገርን። አቶ ባየህ አንገቱን ደፍቶ ጣቱን ይቆጥራል፤ እሺም አይል፣ እንቢም አይል። ልዕልት በሩ ሥር ቆማለች፤ ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛዋለች። በዚህ መሀል ፍሪጁ አጉረመረመ።

ምን ላድርግ፣ ቀና አልሁ። መሪጌታም ቀና አሉ። አቶ ደሞዝም ቀና አለ። ወይዘሮ ታንጉት እልል ልትል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና እሷም ቀና አለች። ሁላችንም ኮርኒሱን እያየን እንጠብቃለን። ኮርኒሱ ጸጥ አለ። እኛም አንገታችንን አላወረድንም።

«ምንድን ነው የምታዩት?» አለ አቶ ባየህ። «ኧረ ወዴት ነው የምታዩ? እኔ እዚህ ነኝ! እዚህ! የዚህ ቤት አባወራ ማነው፣ እኔ ነኝ ኮርኒሱ?» ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ሶፋው ላይ ወጥቶ ቆመ፣ ከኮርኒሱና ከእኛ ዓይን መሀል ሊገባ። «እሺ ብያለሁ! ሰማችሁ? እኔ ነኝ ያልሁት! ሰጥቻለሁ! ይሁን!»

እሱ ሶፋው ላይ ስለቆመ እኛ ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ልዕልት ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

የሀይለየሱስ መከራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አቶ ባየህ እንዳለውም አደረገ፤ አንቱ ይለው ጀመር። በሱቁ ሲያልፍ ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን ዋሉ አቶ ሀይለየሱስ?» ይላል። ልጁ እንደተገረፈ ይሸማቀቃል። ቤቱ ሲበላሽ አይጠራውም፤ ልዕልት ሾልካ መጥታ ብትነግረው እንኳ በአማች ወግ ዕቃ ይዞ መግባት አይችልም። «አንተ ባለሽቦ ሲለኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ አንድ ቀን። «ያኔ ቢያንስ ይጣራ ነበር። አሁን እንደ እንግዳ ነኝ።» በልጅነቱ የሚጣራ አባት ያልነበረው ሰው ነው።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። የመልሱ ዕለት ሙሽሮቹ አቶ ባየህ ቤት ተጠሩ፣ እኛም ተጠራን። ሀይለየሱስን ካባ አልብሰው ያን የሚያሰጥም ሶፋ ላይ አስቀመጡት። ገና ወጡ ቀርቦ እጅ ሳንታጠብ መብራት ሄደ፤ ትንሽ ቆይቶ መጣ። አመጣጡም የቁጣ ነበር፤ አምፖሎቹ ሁሉ ነጭ ሆነው ቦግ አሉ። ቀማሹን ለእንግዶች ያምር ዘንድ አንሥተውት ኖሯል። ሣጥኑ አበደ። መጋረጃው ይከፈታል ይዘጋል። የግቢው በር ይከፈታል ይዘጋል፤ የአንበሳሜ ዘመዶች እኩሌታዎቹ ውስጥ፣ እኩሌታዎቹ ውጭ ቀሩ። ፓምፑ ጣራው ላይ ያለውን ሮቶ ሞልቶ በመስኮት በኩል ያዘንባል። ቴሌቪዥኑ ጨርሶ በማናውቀው ቋንቋ ይጮሃል።

ሀይለየሱስ ሊነሣ ሲል አቶ ባየህ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ይቀመጡ! ኧረ በማርያም ይቀመጡ! እኔ አለሁ!» አለና በሙሉ ልብሱ ሶፋው ሥር ገባ፤ አማቹ በተቀመጠበት ሶፋ ሥር።

ሀይለየሱስ ላብ አጠመቀው። ወደ ልዕልት ዘንበል ብሎ ሹክ አላት፤ እሷ ለእናቷ፤ እናቷ ለሶፋው። ሰው በበዛበት ቤት መልእክት በሰላም አይደርስም። «ቀማሹን ያስቀድሙ» ብሎ የላከው ወይዘሮ ታንጉት ጋ ሲደርስ ጠላ ተጠየቀ መሰላት፤ አሳላፊዋን ጠራች፣ አሳላፊዋ መዳፏ ላይ ቀምሳ ለመሪጌታ ቀዳች። መሪጌታም ጠጡ። በዚህ መሀል ከሶፋው ሥር የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ወጣ፤ ጭስም ተከተለ። የሚታየን የአቶ ባየህ እግር ብቻ ነው፤ አንደኛው ጫማው ወልቋል። እግሩ ተንፈራገጠ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ የኮርኒሱ ድምፅ ሳይሆን የሰውዬው፣ የፈራ ሰው ድምፅ።

«አንተ! አንተ ልጄ! ምን ተቀምጠህ ታየኛለህ? ና እንጂ! አባትህ ሊቃጠል እኮ ነው!»

ሀይለየሱስ ካባውን ልዕልት ላይ ወርውሮ ሲጠልቅ አላየሁትም፤ እንደዚያ ፈጥኖ ነው። ሶፋው ሥር ትንሽ ግርግር ሆነ፣ ጧ አለ፣ ቤቱ ጸጥ አለ። መጋረጃው እኩል ላይ ቆመ። ሁለት ጥንድ እግር ጎን ለጎን ወጥቶ ይታያል፤ ወይዘሮ ታንጉት የአማቿን ተረከዝ አይታ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለች። አቶ ባየህ እያሳለ ወጣ፤ ፂሙ ተለብልቧል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ሀይለየሱስ ግን አልወጣም። ሥራው አልቆ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ እንኳ አልወጣም።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። በጀርባው ተኝቷል፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው፣ ምንም አይፈታም፣ ያለቅሳል።

«ምነው ልጄ?» አልሁት።

«ጠራኝ እኮ፣ ጋሽ ይርጋለም» አለኝ። «ሰሙት አይዶል?»

ሰምቼዋለሁ አልሁት።